ወፍራሙ ዘይት ለማን ነው? ለዲኤክስ፣ ለላዳና ለመጀመሪያዋ ቪትዝ የሚሆን የሞተር ዘይትና ቤንዚን

የመኪና ዕቃ ሱቅ ገብቶ «ለአሮጌ መኪና የሚሆን ዘይት» ላለ ሰው ባለሱቁ ሳያስብ የሚያወርድለት ባለ 4 ሊትሩን 20ደብሊው50 የተባለ ወፍራም ዘይት ነው። ሞዴሏን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ሞተሩ ዘይት ይጠጣ አይጠጣ የሚጠይቅማ የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፦ ያረጀ ሞተር ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ክፍተት የሚሞላው ደግሞ ወፍራም ዘይት ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ገና ብዙ መሥራት የሚችል ሞተርን ያለ ጊዜው ያስረጃል።

እዚህ የምንመዝነው በአዲስ አበባ ሱቆችና ማደያዎች መደርደሪያ ላይ የሚገኙትን የዘይት ዓይነቶች ነው። የምንመዝንባቸው መኪኖች ሦስት ናቸው፦ ባለ 4ኬ ሞተሯ ቶዮታ ዲኤክስ፣ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና ከተማዋን ያገለገለችው ላዳ፣ እና ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ። ሦስቱም ዛሬ በአንድ ቃል «አሮጌ» ይባላሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን ጠብቆ ማቆየት የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። ነገር ግን ዘይት የሚመረጠው በመኪናዋ ዕድሜ አይደለም፤ በሞተሩ አሠራርና አሁን ባለበት ሁኔታ ነው። ለላዳ የተስማማው ለቪትዝ መርዝ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል። 20ደብሊው የተባለ ዘይት ሞተር ለማስነሳት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው፤ 15ደብሊው ከዜሮ በታች 20 ላይ። የአዲስ አበባ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ቢብስበት ዜሮ አካባቢ ነውና 20ደብሊው ሞተር አያስነሳም የሚል ስጋት የለም። ልዩነቱ ያለው ጠዋት ቁልፍ ከተዞረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው። ወፍራሙ ዘይት ከታች ተስቦ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ እስኪደርስ ይዘገያል፤ የሞተር መበላት የሚበረታው ደግሞ በዚያችው ቅጽበት ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ የሚኖረው ውፍረት ነው። 40 የተባለው ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው) ይለካል፤ 50 ከ16.3 እስከ 21.9፤ 30 ደግሞ ከ9.3 እስከ 12.5። እንግዲህ በ40 እና በ50 መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። በጣም የወፈረ ዘይት ጠባብ መንገድ ውስጥ በበቂ ፍጥነት አይዞርም፣ ሙቀትም ቶሎ ይዞ አይወጣም፣ ሞተሩም እሱን ለመግፋት ጉልበትና ቤንዚን ያወጣል።

15ደብሊው40

ጤነኛ ሞተር ላላት ዲኤክስም ሆነ ላዳ የመጀመሪያ ምርጫችን ይኸኛው ነው። ቶታል ኳርትዝ 5000፣ ሼል ሄሊክስ ኤችኤክስ5፣ ሞቢል ሱፐር 1000 በዚህ ውፍረት ይመረታሉ። ልብ ማለት የሚያስፈልገው አንዱ ስም ሁለት ውፍረት ሊኖረው እንደሚችል ነው፤ ኳርትዝ 5000 በ15ደብሊው40ም በ20ደብሊው50ም አለ፣ ጀሪካኑም ስለሚመሳሰል የሚነበበው ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ ነው።

ጤነኛ ስንል ምን ማለታችን ነው? በ1,000 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ሊትር በታች የሚጎድልባት፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆማ የዘይት መብራቷ የማይርገበገብባት። ያ መብራት የሚበራው ግፊቱ ወደ 0.3 ባር ሲወርድ ስለሆነ ሲርገበገብ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን የመጨረሻ ጩኸት ነው። ሁለቱ ምልክቶች ከሌሉ ወፍራም ዘይት ለመጨመር ምክንያት የለም፤ መኪናዋ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ብትሠራም።

20ደብሊው50

መጥፎ ዘይት አይደለም። ቦታው ሌላ ነው። ካስትሮል ጂቲኤክስ፣ ሼል ሄሊክስ ኤችኤክስ3 እና የመሳሰሉት በዚህ ውፍረት ለተበላ ሞተር፣ እንዲሁም አዋሽን፣ አፋርንና ድሬዳዋን ለምትመላለስ መኪና ይስማማሉ። ቆላ ውስጥ ጭኖ ለሚሮጥ አሮጌ ሞተር ለአንድ ቀን ጉዞም ቢሆን ከ40 ይልቅ 50 ደህና ግፊት ይይዛል።

ችግሩ ዘይቱን እንደ መድኃኒት መውሰድ ላይ ነው። መኪናዋ ዘይት ስትጠጣ ወፍራም ከመጨመር በፊት ጭሱን ማየት ይበልጣል። የዓባይን በረሃ በማርሽ እየተያዘ የሚወርድ ሹፌር ድልድዩ ጋ ደርሶ ነዳጅ ሲረግጥ ከኋላ ቡፍ ብሎ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ካየ፣ የጠነከረችውና የተሰነጠቀችው የቫልቭ ጎማ ናት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወረድ ሞተሩ ውስጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ዘይቱን በቫልቩ ግንድ በኩል ይጎትተዋል። ጠዋት ሲነሳ ጥቂት አጭሶ የሚተውም እንዲሁ ነው። ዳገት ላይ እየተረገጠ ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። የቫልቭ ጎማ መቀየር ሞተር አያስወርድም፤ ወጪውም ከፋሻ ጋር አይወዳደርም። በ50 ዘይት ጭሱን ሸፋፍኖ መሄድ ቀላሉን ሥራ ወደ ከባዱ ማሳደግ ነው። በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር የምትጨርስ መኪናማ ምንም ዘይት አይረዳትም።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) የሚለካ መካኒክ ካለ ደግሞ አንድ ነገር ይታወቅለት፦ በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ሳሳ ስላለ ጤነኛ ሞተርም ከመጽሐፉ በጉልህ ዝቅ ብሎ ይነበባል። የሚታየው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ ነው፤ ከአንድ ባር በላይ ከተለያዩ ችግር አለ። ይህን ባለማወቅ ያለ ጥፋቱ የወረደ ሞተር ጥቂት አይደለም።

ነጠላ 40

ደብሊው የሌለው፣ በቃ «40» ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ዘይት። ሲሞቅ ውፍረቱ ከ15ደብሊው40 ጋር አንድ ነው፤ ሲበርድ ግን እንደ ማር ይጎተታል። ሌሊት ውጭ ለምታድር መኪና በየጠዋቱ የሚከፈል ዕዳ ነው። አንመክረውም፤ ዋጋው ቢማርክም።

10ደብሊው40 እና 5ደብሊው30

እዚህ ጋ ቪትዟ ትመጣለች። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ሞተር ቪቪቲአይ የተባለው የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያ አለው፤ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) የሚዞረው በጥርስ ቀበቶ ሳይሆን በሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱን የሚወጥረውም፣ ካምሻፍቱን ወደፊትና ወደኋላ የሚያዞረውም የዘይት ግፊት ነው። የዘይቱ መንገድ ጠባብ ነው፣ ወንፊቱም ጥቃቅን ነው። 20ደብሊው50 ሲገባበት ጠዋት ሰንሰለቱ ለጥቂት ሰከንዶች ይንኳኳል፣ ማስተካከያው ይዘገያል፣ ሚኒሞው ይዋዥቃል። ባለቤቱ «ሞተሯ ተበላ» ብሎ ደግሞ የበለጠ ወፍራም ይፈልጋል። ለዚህች መኪና 5ደብሊው30 የፋብሪካው ምርጫ ነው፤ ዘይት መጉደል ከጀመረች 10ደብሊው40፣ ለምሳሌ ሼል ሄሊክስ ኤችኤክስ7፣ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ አይታለፍ።

በተቃራኒው 5ደብሊው30 ሙሉ ሲንቴቲክ ለዲኤክስ መግዛት ገንዘብን ማፍሰስ ነው፤ አንዳንዴ ቃል በቃል፣ በደረቁት የሞተሩ ዘይት ማገጃ ጎማዎች በኩል መሬት ላይ። በዚያ ላይ የዚንክ ጉዳይ አለ።

ዲኤክስ ካምሻፍቷ ብሎኩ ውስጥ ነው፤ ቫልቮቹን የሚገፋው በዘንግ ነው፤ ጉብታው ጠፍጣፋ ብረት ላይ እየተፋተገ ይሄዳል። ላዳ ደግሞ ካምሻፍቱ ከላይ ቢሆንም ቫልቩን የሚጫነው ምላስ በቀጥታ ጉብታው ላይ ይንሸራተታል፤ የላዳ ካምና ምላስ መበላት የታወቀ በሽታዋ ነው። ሁለቱንም የሚጠብቃቸው ዘይቱ ውስጥ ያለው ዚንክና ፎስፎረስ የያዘ ቅመም ነው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም፣ ኤፒአይ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ኤስኤም የተባለውን ደረጃ ሲያወጣ የጭስ ማጣሪያ እንዳይበላሽ ብሎ ፎስፎረሱን በ0.08 በመቶ ገደበው። ገደቡ ግን የሚጸናው 30 እና ከዚያ በታች በሆኑት ቀጫጭን ዘይቶች ላይ ነው፤ 40ና 50 አይነካቸውም። ስለዚህ 15ደብሊው40 የምትጠቀም ዲኤክስ ጀሪካኑ ላይ ከኤስኤም በኋላ የመጣው ኤስኤን ቢጻፍበትም አትፈራም። ሁለት ፊደሎቹን ከጀርባ አንብቦ ቢያንስ ኤስኤል የሚለውን መያዝ ነው፤ እሱ የ2001 ደረጃ ነው። ኤስኤፍ ወይም ኤስጂ ብቻ የሚል ጀሪካን የ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘይት ነው፤ «ለአሮጌ መኪና አሮጌ ዘይት» የሚለው ክርክር አያስኬድም፣ ቆሻሻ የማጠብ አቅሙ ደካማ ነውና።

የናፍጣ መኪና 15ደብሊው40 ዘይትስ? ብዙ ዚንክ አለው፣ ብዙ ሰውም ይጠቀመዋል። ጀርባው ላይ ለናፍጣ ሞተር ከሚጻፈው የሲ ፊደል ጋር ኤስኤል ወይም ከዚያ በላይ ከተጻፈበት ይሆናል። ነገር ግን አጣቢነቱ ኃይለኛ ነው፤ ለዓመታት ጥቁር ጭቃ የተጋገረበት ሞተር ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲገባ ጭቃውን አስለቅቆ የፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ከዚህም የሚብሰው ጋራዥ ውስጥ «ሞተሩን በነጭ ጋዝ እናጥበው» የሚባለው ነው። ነጭ ጋዝ ኩሽኔታ ላይ ቅባት አይተውም፤ ግማሽ ሊትሩም ተቀድቶ ሳይወጣ ይቀራል። ቆሻሻ ሞተር የሚጠበው በደህና ዘይት፣ በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሦስቴ ቶሎ ቶሎ በመቀየር ነው።

ጀሪካኑ ራሱ

ከቁጥር ምርጫ ይልቅ ሞተር የሚገድለው አስመስሎ የተሞላ ዘይት ነው። የክዳኑ ቀለበት ሳይነካ መሆኑ፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ሽፋን በሙሉ መጣበቁ፣ በጀሪካኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር በጣት ሲታሸ አለመልቀቁ ይታያል። መለያው ጠርዙ ላይ የተሸበሸበ ወይም ሙጫ ያፈሰሰ ከሆነ ይተው። ከማደያ ሱቅ ወይም ደረሰኝ ከሚሰጥ ወኪል መግዛት ጥቂት ብር ይጨምራል፤ ይጨምር። ዘይት ከተቀየረ በኋላ ባዶውን ጀሪካን ጋራዥ ትቶ መሄድም ጥሩ አይደለም። በቢላ ወይም በካቻቢቴ ሁለት ቦታ በስቶ መጣል ነው፤ ያልተበሳ ጀሪካን ቆራሌው ከገዛው በኋላ የት እንደሚሄድና ምን እንደሚሞላበት ማንም አያውቅም።

አሞላል

ዲኤክስ ከነፊልትሮዋ ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ትይዛለች፤ ላዳ 3.75። ባለ 4 ሊትር ጀሪካን ለዲኤክስ ሲገዛ ግማሽ ሊትር መትረፍ አለበት። «ጋሼ፣ ትንሽ ናት፣ ልጨርሰው» የሚለውን የጋራዥ ልጅ እሺ ማለት ብዙ የዘይት ፍሳሽ የሚጀመርበት ነው፦ ክራንክሻፍቱ የተረፈውን ዘይት እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ግፊት አይይዝም፣ ትርፉም በጎማዎቹ በኩል መውጫ ይፈልጋል። የተረፈው ግማሽ ሊትር ኋላ ኮፈን ውስጥ ይቀመጥ፤ ለመሙያ ይሆናል።

ሞተሩ ሞቅ ሲል፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ቡሎኑ ይፈታል፤ ለቶዮታ 14 ቁልፍ፣ ለላዳ ባለ 12 ስድስት ማዕዘን የውስጥ ቁልፍ። እስኪንጠባጠብ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። የፊልትሮው ጎማ በአዲስ ዘይት ይቀባል፣ በእጅ ጎማው ሲነካ ቆሞ ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር ይጠበቃል፤ በቁልፍ አይደለም። የድሮው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ሁለት ጎማ ከተደራረበ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ስለዚህ ማየት ነው። ሦስት ሊትር ተሞልቶ፣ ሞተሩ አንድ ደቂቃ ሠርቶ ጠፍቶ፣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ በዘንጉ ይለካል፤ ቀሪው ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይጨመራል። ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው አንድ ሊትር ያህል ነው። በአዲስ አበባ መጨናነቅና አቧራ የማዕድን ዘይት ከ3,000 እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም ስድስት ወር፣ ከዚያ በላይ አይጎተት።

ቤንዚኑ

ዘይት ሲለካ መጠኑ ጨምሮ ከተገኘና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ጉዳዩ የዘይት አይደለም። የዲኤክስም የላዳም የቤንዚን ፓምፕ ሞተሩ ጎን ላይ የታሰረ፣ በላስቲክ ሽፋን የሚሠራ ነው፤ ሽፋኑ ሲቀደድ ቤንዚኑ ዘይቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሌላው መንገድ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አልፋ የምትገኝ ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ለባሕር ጠለል የተሠራ ካርቡሬተር እዚህ ከአሥር በመቶ በላይ ትርፍ ቤንዚን ያፈሳል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ትርፉ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል፣ 15ደብሊው40 የነበረው ዘይት በ2,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይቀጥናል። «15ደብሊው40 ሞክሬ ቀጠነብኝ» የሚል ሰው በመጀመሪያ ካንዴላውን አውጥቶ ይይ። ቀላል ቡኒ ከሆነ ጥሩ፤ ጥቁር ከሆነ ካርቡሬተሩ ይስተካከል፣ የጀቱ (የካርቡሬተሩ ቤንዚን ማሳለፊያ) ቀዳዳ ለደጋ ይቀነስ። ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶታል።

ኦክቴን (ቤንዚኑ ሳያንኳኳ ግፊት የመቻል አቅሙን) ከፍ ያደርጋል ተብሎ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ለአዲስ አበባ ዲኤክስ አንመክርም። የሳሳ አየር ሲሊንደር ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት ስለሚቀንስ 9 ለ 1 የሚጨምቀው 4ኬ ሞተር እዚህ ከቆላው ያነሰ ኦክቴን ይበቃዋል። ሊድ ያለው ቤንዚን መቅረቱም ሁለቱን መኪኖች አይጎዳም፤ የአሉሚኒየም ቴስታታቸው የቫልቭ መቀመጫ ለብቻው የተሠራ ጠንካራ ቀለበት ነው። የሚሰጋው መቀመጫው በራሱ በብረት ቴስታታው ላይ የተሞረደበት ሞተር ያለው ሰው ነው፤ እሱ የቫልቭ ክፍተቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይለካ። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ እየሰመጠ ነው።

የሚያስፈራው ሰልፍ ሲበዛ መንገድ ዳር በፕላስቲክ የሚሸጠው ነው። ነጭ ጋዝ ሲቀላቀልበት ሞተሩ ጠዋት እምቢ ይላል፣ ዳገት ላይ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደተበተነ ያንኳኳል፣ ቁልፍ ከተዘጋ በኋላም ይንገጫገጫል። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቂት ጠብታ ጣል አድርጎ ማየት ይበቃል፦ ቤንዚን ብቻ ከሆነ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ምልክት ሳይተው ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባታም ክብ ይተዋል።

ኢታኖል ሌላ ነው። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ መጀመሪያ 5፣ በኋላ 10 በመቶ ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ ሲቀላቀል ነበር። ለሞተሩ ክፋት የለውም፤ የሚጎዳው የ1980ዎቹን የጎማ ቱቦና የፓምፕ ሽፋን ነው፣ ያብጣሉ ይለሰልሳሉ። ውሃም ይስባል። ኢታኖል መኖሩን ለማወቅ በጠባብ ግልጽ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃና 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ቀላቅሎ ነቅንቆ ማስቀመጥ ነው፤ ከታች ያለው የውሃ ድርሻ ከ10 ከፍ ካለ አለ። ያኔ «ኤስኤኢ ጄ30 አር9» የታተመበት ቱቦ መቀየርና ታንኩን ከግማሽ በታች አለማሳደር ይበቃል።

በመጨረሻ ወደ ቆላ ለሚወርድ። የአዲስ አበባ መካኒክ የሳሳውን አየር ለማካካስ ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ የሚወስነውን ዲስትሪቢዩተር ጥቂት ያስቀድመዋል፤ መኪናዋም እዚህ ትሮጣለች። ያው መኪና ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ብላ አዋሽ ስትደርስ አየሩ ወፍሮ፣ ሙቀቱ ተጨምሮ ማንኳኳት ትጀምራለች፤ ጀቱም ለደጋ ከተቀነሰ ፒስተን እስከ መቅለጥ ይደርሳል። ዲስትሪቢዩተሩ ሳይነካ በፊት ከብሎኩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ይሰመር፤ የአዲስ አበባው ቦታ ያ ነው። የፋብሪካው ቦታ በመካኒክ የጊዜ መለኪያ መብራት ተለክቶ ሁለተኛ መስመር ይሰመርለት። አዳማን ሲያልፉ ቆሞ፣ ቡሎኑን ላላ አድርጎ፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ማዞር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሲመለሱም እንዲሁ።